በቡና ገንዳ የተፈተነው ቀለበት

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ሲሞን
ሚዛን አማን

ጋሼ፣ ሰላምታዬ ከደጃፍህ ይነሳና እስከ ጓዳህ ድረስ ይግባ። እንዴት ነህ? ወገብህን ተሻለህ ወይ? ወይስ ሐኪሙ ከባድ ነገር አታንሳ ያለህን እዚያው በሩ ላይ ጥለኸው መጥተህ፣ ዛሬም ሞተር ብቻህን ትሸከማለህ? እማዬስ ጉልበቷ እንዴት ሆነላት? ባለቤትህ ንጋቷ ሳሉ ለቀቃት? ልጅህ አማኑኤል የፊት ጥርሱ በቀለለት? ጎረቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቡና መፈልፈያው ያሉት የሥራ ጓደኞችህ ሁሉ ሰላም ናቸው? ዝናቡስ ጀመረ? ይህችን የመጨረሻዋን ጥያቄ ከሰላምታው ጋር አትደምርብኝ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈው በእሷ ምክንያት ነው።

እኔ ጌታ ይመስገን በእግሬ እሄዳለሁ፣ እሠራለሁ፣ እበላለሁ። ናፍቆት ብቻ ነው የያዘኝ ብዬ እንዳልጽፍልህ ከናፍቆት ሌላ ልቤን የተጫነው ነገር አለ። በርገን እንደ እኛ አገር ናት፤ ዝናብ ከሰማይዋ አይጠፋም። የእኛ ዝናብ ግን ሲያባራ ጎደሬው ቅጠሉን ይዘረጋል፣ ኮረሪማው ይሸታል። የዚህኛው ድንጋይ አጥቦ ባሕር ይገባል፣ በቃ። የብርዱን ወራት ሁሉ ከሥራ ስወጣ ጨልሞ፣ ስገባም ጨልሞ ነበር። አሁን ቀኑ እየረዘመ ነው ይላሉ፤ እኔ ገና አልታየኝም።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልክህን ካነሳህልኝ ቆየህ እኮ። ለንጋቷ ስደውል፣ ሲሞን ወንዝ ወርዷል ትለኛለች፤ ድምፅህ ግን ከጓዳ ይሰማኛል። ለእማዬ ስነግራት፣ እሱ የሚያውቀውን ያውቃል ብላ ትዘጋብኛለች። ስለዚህ እዚህ በርገን ያለችው የልብስ ሰፊው የጋሽ ዓባይነህ ልጅ ሜሮን ለፋሲካ ወደ ቤቷ ስትሄድ በእጇ እሰድልሃለሁ። እጅህ ላይ ካልሰጠሽው ለማንም እንዳትሰጪ ብዬ አስምያታለሁ። ሰው በስልክ ሲናገር ትቆጣለህ፤ ወረቀት ላይ ግን የምትቆጣው ሰው የለምና እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ ብዬ ነው።

የምታውቀውን ነገር ልነግርህ ነው፤ ታገሠኝ። ከመጀመሪያው ካልጀመርኩ መጨረሻው ላይ አላደርስህም። አባባ ከቱም ከተማ ወዲያ ባለው ወንዝ ላይ የአሻጋሪዎቹን ማኅበር ጀልባ ስንት ዘመን ነዳ። ገበያተኛ አሻገረ፣ ምጥ የያዛት አሻገረ፣ ፍየል ሳይቀር አሻገረ። ባለፈው ግንቦት ሰዎቹን ወዲያ ማዶ አውርዶ ባዶውን ሲመለስ፣ ጎርፉ ከላይ ያመጣው ሣር ጀልባዋን እየዞረ የሚገፋውን ፕሮፔለር ያዘው። ሞተሩ ታነቀ። ከዳር ሆነው ያዩት ሰዎች፣ ቆሞ ገመዱን ደጋግሞ ሲስብ ነበር አሉ፤ ከዚያ ጀልባዋ በወንዙ መታጠፊያ ከዓይናቸው ጠፋች። ጀልባዋን ከታች አገኛችኋት። አባባን አላገኛችሁትም። ሣሩ በፕሮፔለሩ ላይ እንደ ገመድ ተጠምጥሞ ነበር፤ አንተ በቢላ እየቆረጥክ፣ ሌላው ሰው ሁሉ እያለቀሰ፣ አንተ አላለቀስክም አሉኝ። እኔ እዚህ ሆኜ ነው የሰማሁት። ቀብር የሌለው ለቅሶ እንዴት እንደሚለቀስ ሳላውቅ ሜሮን ቤት ወለል ላይ ተቀመጥኩ።

አንተ ያን ቀን ማልክ። ሣር የማይይዘው ፕሮፔለር ሳልሠራ ጀልባዋ ውኃ አትነካም አልክ። ሐሳቡም ከየት እንደመጣልህ አውቃለሁ፤ ከቡናው ነው። መፈልፈያው ላይ ቡናውን በቦዩ የሚገፋው መቅዘፊያ ገለባ እየያዘ ሲያስቸግራችሁ፣ ክንፉን አጥፈህ፣ ጫፉን መልሰህ ከራሱ ሥር ጋር በይደህ ቀለበት አደረግከው፤ ከዚያ ወዲህ ገለባ አልያዘም። ይኸው ቀለበት ለጀልባ ቢሆንስ ብለህ፣ ከአሮጌ የመኪና አሉሚኒየም አቅልጠህ፣ ክረምቱን ሙሉ ሞርደህ ሠራኸው። ቪዲዮውን ስትልክልኝ እንዴት እንደኮራሁ ለማንም አልነገርኩም፤ ለሜሮን ብቻ ነው።

ቪዲዮውን ታስታውሰዋለህ። ኅዳር ነው፤ እሸት ቡናው የሚታጠብበት ጊዜ። ጓደኞችህ ቡናውን ከመዘፍዘፊያው ገንዳ አውጥተው ጨርሰዋል፣ ውኃው ገና አልተለቀቀም። ሞተሩን ገንዳው ጠርዝ ላይ አስረህ፣ ቡና የምትመዝኑበትን ተንጠልጣይ ሚዛን በገመድ አገናኝተህ፣ መጀመሪያ አሮጌውን ፕሮፔለር አስነሳህ። የሚዛኑ መርፌ ትንሽ ሄዶ ቆመ። ቀጥሎ ቀለበቱን ገጠምክ። ሞተሩ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ውኃው አልተንጫጫም፣ መርፌው ሄደ፣ ሄደ፣ አሮጌውን አልፎ ሄደ። የሥራ ጓደኛህ ሐዲስ ቪዲዮውን እያነሳ እልል ሲል ስልኩ ሁሉ ይንቀጠቀጣል። ያን ቪዲዮ አልጋዬ ላይ ሆኜ እየደጋገምኩ አየሁት።

አሁን የእኔን ሥራ ልንገርህ፤ እማዬ ለጎረቤት ሁሉ ሩሐማ የውኃ ገንዳ ጠባቂ ሆነች ብላ ታወራለች አሉ፣ ብዙም አልራቀች። የመርከብ ፕሮፔለር እንፈትናለን ብላት፣ ብረት ደግሞ ምን ተምሮ ይፈተናል አለችኝ። የተለመደውን ፕሮፔለር ዓለም ያውቀዋል፤ እኛ ጋ የሚመጣው እንግዳ ቅርጽ ነው። አንዱ ጫፉ ተቆልምሟል፣ አንዱ ብረት ቱቦ ውስጥ ተሸጉጧል፣ አንዱ ሁለት ሆኖ ፊትና ኋላ በተቃራኒ ይዞራል፣ አንዱ እንደ አንተው ቀለበት ነው። ሁሉም ባለቤት አለው፤ ባለቤቱም የሱን የመሰለ ተሠርቶ አያውቅም ይላል። እኛ ውኃ ውስጥ እናስገባዋለን፣ እናዞረዋለን፣ ከፊቱ ወራጅ ውኃ እንለቅበታለን፣ የበላውን ጉልበትና የገፋውን ግፊት እንለካለን። የሚበላውን ያህል የማያርስ በሬ ከሆነ ለባለቤቱ ይነገረዋል። አለቃዬ በዚህ ሥራ አርጅቷል፤ የምሥራች የነገርኩት ሰው ጥቂት ነው ይላል።

በዚያው ቅርጽ አሳንሰህ የሠራኸውን ትንሹን ቀለበት ሜሮን በጥር ስትመለስ ከቆጮና ከኮረሪማ ጋር ሻንጣዋ ውስጥ ከትታ አመጣችልኝ። አውሮፕላን ጣቢያ ሻንጣዋን ከፍተው ይህ ምንድን ነው ቢሏት፣ የቤት ጌጥ ነው አለች አሉ። እምብርቱ ላይ የአባባን ስም በመሮ ቀርጸህበታል። እሱን ሳይ ሥራ ቦታ መሆኔን ረስቼ ግድግዳ ይዤ ቆምኩ። አለቃዬ ምን ሆንሽ ብሎ ጠየቀኝና ነገርኩት። ቀለበቱን በእጁ አገላብጦ፣ ይህን የሠራ እጅ ሥራ ያውቃል አለ። ገንዳው ባዶ በሆነ ጊዜ እንድፈትነው ፈቀደልኝ።

መጀመሪያ የፈተንኩት ሣሩን ነው፤ ልቤ የነበረው እዚያ ላይ ስለሆነ። ከባሕር ዳር ረጃጅም የባሕር ሣር ለቅሜ፣ የገመድ ክርም ጨምሬ፣ ከፊቱ ለቀቅኩት። የተለመደው ፕሮፔለር ወዲያው ተጠመጠመበትና ቆመ። ቀለበትህ ግን አንዱንም አልያዘም። ሣሩ በቀለበቱ ገላ ላይ ተንሸራቶ ወደ ኋላ ይወጣል። ጋሼ፣ ይህን በደንብ ስማኝ፤ ሣሩን በተመለከተ ትክክል ነህ። አባባ ይህን ይዞ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ አይታነቅም ነበር ብዬ እዚያው አለቀስኩ። ያን ዕለት ብደውልልህ ኖሮ እልል እል ነበር። በማግሥቱ ግን ግፊቱን ለካሁ።

በቆመ ውኃ ከተለመደው ፕሮፔለር አልበለጠም፤ ትንሽ እንዲያውም አነሰ። ወራጅ ውኃ ስለቅበት፣ ማለት ወንዝ ሳደርግበት፣ ግፊቱ እየወረደ ሄደ። ይበርታ ብዬ ሞተሩን ስጨምርለት በቀለበቱ ጀርባ ላይ አረፋ ፈላ። አረፋ ደግሞ አይገፋም፤ ቀለበቱ ውኃውን መያዝ ትቶ አረፋ ውስጥ ባዶውን ይዞራል፣ ይጮሃል፣ ይንቀጠቀጣል። ወደ ኋላ ሳዞረው የባሰ ነው። ዳር ሲደርስ ጀልባ የሚያቆም ጉልበት የለውም። አንዴ ይሆናል ብዬ ደገምኩት፣ አገጣጠሙ ይሆናል ብዬ ፈትቼ ገጠምኩት፣ ሌላም ቀን ሞከርኩት። እንደዚያው ነው።

በየካቲት በስልክ አግኝቼህ ይህን ስነግርህ ያልከኝን አልረሳሁም። በገዛ ዓይኔ ያየሁትን፣ የቡና ሚዛን የመሰከረልኝን፣ አንቺ ባሕር ማዶ ሆነሽ ታስተባብያለሽ አልከኝ። አባታችንን የበላው ሣር ነው፣ ሣር የማይበላውን አግኝቻለሁ፣ ሌላው የፈረንጅ ወሬ ነው አልክና ዘጋህ። እኔ ደግሞ ተናደድኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ አለቃዬም ቪዲዮውን አይቶ፣ ወይ ሚዛኑ የተበላሸ ነው፣ ወይ ሰውየው የሚፈልገውን ነው ያየው አለኝ። ወንድሜ ቡና ሲመዝን ያደገ ሰው ነው፣ የተበላሸ ሚዛን ያውቃል አልኩት። ቢሆንም ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም። የአንተ ሚዛን በለጠ ይላል፣ የእኔ መለኪያ አነሰ ይላል፤ ቀለበቱ ያው አንድ ዓይነት ቀለበት ነው።

አንድ እሑድ ሜሮን ጋ ቁጭ ብለን ቪዲዮውን እንደገና ከፈትኩት። መርፌውን ማየት ሰልችቶኝ ነበርና ዝም ብዬ አንተን አየሁህ። መጨረሻው ላይ፣ ሐዲስ እልል ሲል፣ ሞተሩን አጥፍተህ ቀለበቱን ለመንካት እጅህን ውኃው ውስጥ ትከታለህ። ስታወጣው ከጣቶችህ ላይ ልጋጉ ክር ሠርቶ ይንጠለጠላል፤ እጅህን ታራግፈዋለህ፣ አይለቅህም፣ በሱሪህ ትጠርገዋለህ። ሜሮን ቡናው እንዴት ያለ ልጋግ አለው ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅኩም።

ገባህ ጋሼ? ያ ገንዳ የውኃ ገንዳ አልነበረም። ቡና ሲዘፈዘፍበት የከረመ፣ የቡናው ልጋግ የሟሟበት፣ የሚያሙለጨልጭ ነገር ነው። ሌላ አገር ያለ ሰው ፕሮፔለር ሲሠራ ሐይቅ ይወስደዋል፣ ኩሬ ይወስደዋል፤ በታጠበ ቡና ውኃ ውስጥ የሚሞክር የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው። ለእኛ ግን ከዚያ የበለጠ ትልቅ ገንዳ የት አለ? እኔም አንተን ብሆን እዚያው ነበር የማስረው።

ይህን እንደ ግምት እንዳትወስደው ብዬ ሌላ ሥራ ሠራሁ። እዚህ ልጋግ ያለው ቡና ከየት ይመጣል፤ ስለዚህ ተልባ ገዛሁ። አዎ፣ ተልባ። ከሜሮን ጋር ድስት ሙሉ፣ ደግመን ድስት ሙሉ እየቀቀልን ልጋጉን አጠለልነው፤ የሜሮን ቤት ፆም ያለ ቤት መሰለ። አለቃዬን ትንሿን ገንዳ እንዲፈቅድልኝ ለመንኩት። ይህ ምንድን ነው አለኝ፤ በአገሬ ሆድ ሲደርቅ የሚጠጣ ነው አልኩት። ብዙ አጉረመረመ፣ በኋላ ግን ፈቀደ።

ተልባውን ገንዳው ውስጥ ጨምሬ ቀለበቱን አዞርኩት። ድምፁ ጠፋ። አረፋው ጠፋ። መለኪያው ወጣ፣ ወጣ፣ የተለመደውን ፕሮፔለር አልፎ ወጣ፤ የቡና ሚዛንህ ላይ መርፌው እንደሄደው። ልጋግ ያለበት ውኃ አረፋ እንዳይፈላ ይይዘዋል፣ ገላውንም እንዲያሙለጨልጭ ያደርገዋል፤ ለቀለበትህ ደግሞ ከሁሉም ቅርጽ ይበልጥ ይመቸዋል። አለቃዬ ቆሞ አየና፣ ወንድምሽ ያየውን ነው የተናገረው አለኝ። ገንዳውን የማጽዳት ሥራ የእኔ ሆነ፤ ተልባ ከግድግዳ አይለቅ፣ ሁለት እጄ እስኪላጥ ፈገፈግኩ።

እንግዲህ አልዋሸህም፣ አልተሳሳትክምም፤ ውኃው ነው ያታለለህ። ይህን ስጽፍ ደስ ብሎኝ አይደለም። ያ ቀለበት እንዲሠራ ከአንተ ባላነሰ ፈልጌ ነበር። አባባ በከንቱ አልሞተም፣ ስሙ በወንዙ ላይ ይዞራል ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። መዋሸት ብችል የተልባውን ቀን ቁጥር ብቻ ጽፌ እልክልህና እንደ ድሮው ትስቅልኝ ነበር። ወንዙ ግን ቡና አልታጠበበትም። አሁን እንዲህ ስትል ይሰማኛል፣ እንኪያስ ልጋግ እንጨምርበታ። የሚዛን አማንን ቡና ሁሉ ብታጥብበት ወንዝ አይጠግብም ጋሼ።

አሁን ዋናውን ልናገር። ንጋቷ ነግራኛለች፤ ሳታስበው ነው ያመለጣት፣ እንዳትቆጣት። ግንቦት ሲገባ፣ አባባ በጠፋበት ሰሞን፣ ቀለበቱን ገጥመህ ጀልባዋን ልታወርዳት ነው። በመጀመሪያው ጉዞ እማዬን ይዘህ ወንዙ መሀል ልትደርስ ነው፤ አማኑኤልም ካልሄድኩ ብሎ አልቅሶ ተፈቅዶለታል። እማዬ ለምን እንደፈለገችው አውቃለሁ። አስከሬኑን አላየችም፣ አፈር አላለበሰችውም። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መጥተው ልብስሽን ቀይሪ ብለው ቢለምኗት፣ እሱ ያለበት ውኃ ላይ ሄጄ እርሜን ሳላወጣ አልቀይርም አለች። አንተም ደግሞ እሷን እምቢ ማለት አትችልም። እኔም አልችልም ነበር።

ግን ምን እንደሚሆን ልንገርህ፤ በዚህ ገንዳ ደጋግሜ አይቼዋለሁና። ከዳር ስትነሱ ውኃው ዝግ ያለ ነው፣ ቀለበቱ ደህና ይሄዳል። ሣሩ ይመጣል፣ አይይዘውም። እማዬ ጌታ ይመስገን ትላለች። መሀል ስትደርሱ ውኃው ይበረታል። ሞተሩን ትጨምርለታለህ፣ ይጮሃል፣ ጀልባዋ ግን አትሄድም። የበለጠ ትጨምራለህ፣ የበለጠ ይጮሃል። ልመልሳት ብለህ ወደ ኋላ ስታዞረው የሚይዝህ ነገር የለም። አባባ ቆሞ ገመድ ሲስብ ነበር የተወሰደው። አንተ ደግሞ ሞተርህ እየሠራ ትወሰዳለህ።

ታዲያ አሮጌውን ልግጠም ብትለኝ፣ እሱንም አልልህም። አሮጌውን ሣሩ ያንቀዋል፣ ቀለበቱን ውኃው ያሸንፈዋል። የተሻለ አግኝቻለሁ ብልህ ዋሽቼሃለሁ። አለቃዬንም ጠየቅኩት፤ ለእንደዚያ ዓይነት ወንዝ ከፕሮፔለሩ በፊት ሌላ ጀልባና ሌላ ሞተር ያስፈልጋል አለ፣ እሱ ደግሞ ከየት ይመጣል። በበጋ ውኃው ሲተኛ ቀለበትህን ግጠመው፤ ያኔ ይሠራል፣ ሰውም ይሻገርበታል፣ አመሰግንሃለሁ። ውኃው ሲሞላ ግን ጀልባዋ ዳር ትታሰር። ምጥ የያዛትስ፣ በሽተኛውስ ትለኛለህ። ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ሙሉ ሳገላብጠው አድሬ መልስ አላገኘሁለትም። ባለው ጀልባ ግን እናቴና የወንድሜ ልጅ የዚያ ጥያቄ መልስ እንዲሆኑ አልፈልግም።

ለማኅበሩ ሰዎች መናገር እንደሚያሳፍርህ አውቃለሁ። ክረምቱን ሙሉ ጠብቁኝ ስትላቸው ኖረህ አሁን አልሆነም ማለት ከባድ ነው። በእኔ አሳብበው። እህቴ ውጭ አገር ፈትናው ከለከለችኝ በላቸው፤ ገንዳ ጠባቂዋ ናት ያበላሸችው በሉኝ፣ ይስቁብኝ። የፈለጋችሁትን ስም ስጡኝ፣ ስመጣ እጠራበታለሁ።

እርሙንም ከዳር ማውጣት ይቻላል። እማዬን ወንዙ ዳር ውሰዳት፣ ከዚያ ትልቅ ሾላ ሥር አስቀምጣት፣ ጎረቤቶች አብረዋት ይውረዱ፣ ይዘምሩላት። ውኃውን ትየው፤ ካየችው ይበቃታል ብዬ አስባለሁ። ካልበቃትም ግራ እጇን አንተ፣ ቀኝ እጇን ንጋቷ ይዛችሁ ቁሙ። እኔ እዚያ ብኖር እግሯን ይዤ እተኛ ነበር።

ለእማዬ ጉልበቷን እስምላታለሁ። ይህን ደብዳቤ አንብብላት፤ ተልባው ጋ ስትደርስ ትስቃለች፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀስ ብለህ አንብብላት። ለንጋቷ የላክሁላት የሳል ሽሮፕ ከሜሮን ጋር አለ፤ የነገረችኝን ነገር ስለነገረችኝ ዕድሜ ይስጣት በልልኝ። ለአማኑኤል ትንሽ የመጫወቻ ጀልባ ልኬለታለሁ፤ በባልዲ ውስጥ ነው የሚነዳት፣ ከባልዲ ውጭ እንዳይሞክር። ለሐዲስና ለመፈልፈያው ልጆች ሁሉ፣ እልልታችሁ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ በላቸው። ጋሽ ዓባይነህን፣ ከእኛ በላይ ያለችውን ውድነሽን፣ የጸሎት ቤቱን ሰዎች በየስማቸው ሰላም በልልኝ።

ለአባባም ሰላምታ አለኝ። እስከ ዛሬ በጻፍኩት ሁሉ እሱን ዘልዬው ነበር፣ የት እንደምልክለት ስለማላውቅ። አሁን አውቄያለሁ። ወንዙ ዳር ስትደርስ ሩሐማ ሰላም ብላሃለች በልልኝ። ጮክ ብለህ በለው፣ ውኃው ይጮሃልና። ግን ጋሼ፣ ከዳር ሆነህ በለው።

እህትህ ሩሐማ
በርገን፣ ኖርዌይ
መጋቢት ፳፬ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.